በደሴ አንድ ጌም ቤት የተሞከረ ጆይስቲክ
በደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጌም ቤት የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ የሆነውን ዱዋልሴንስን የሞከርሁት፣ ወረፋ ጠባቂዎቹን ቢያሰለችም፣ ኳስ ሳይሆን የጀብዱ ጌም በመጫወት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ መሣሪያ ከቀዳሚው ዱዋልሾክ 4 በዋናነት የሚለየው በጀርባ ቁልፎቹ ነው፤ ኤል2 እና አር2 በውስጣቸው ባለው ትንሽ ሞተር አማካይነት እንደ ጨዋታው ሁኔታ ስለሚከብዱና ስለሚቀሉ፣ ደጋን የሚገትር ተጫዋች የጅማቱን ውጥረት በጣቱ ያውቀዋል። ወፈር ያለው እጀታም ለረጅም ጨዋታ ይመቻል።

የቤቱ አያያዝ ንጹሕ፣ አስተናጋጁም ትሑት ነው። ሆኖም የአንዱ ጆይስቲክ ግራ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ትንሽ ዘንግ) ከአገልግሎት ብዛት የተነሣ ሳይነካ እንደተገፋ ስለሚቆጥር፣ ገጸ ባሕርዩን በራሱ ወደ ገደል ይመራዋል፤ ይህ በኳስ ጨዋታ ሊታለፍ ቢችልም፣ በጠባብ ድልድይ ላይ ለሚሻገር ተጫዋች ግን አይታለፍም። ሂሳብ ከመክፈል በፊት አናሎጉን መፈተሽ ይገባል።