የስኳር አበባን ማቅለም፦ በጄል ወይስ በዱቄት?

ለእንቁጣጣሽ ኬክ የስኳር አደይ አበባ ሲሠራ ቢጫውን ጄል (ወፈር ያለ እርጥብ የምግብ ቀለም) ከስኳር ሊጡ ጋር ማሸት ይቻላል፤ ነጩን ሠርቶ፣ አድርቆ ደረቅ የዱቄት ቀለም በብሩሽ መቀባትም ይቻላል።

ጄል ሲታሽ ቀለሙ ውስጥና ውጭው እኩል ነው። ለ100 ግራም ሊጥ በስቴኪኒ ጫፍ ነክቶ መጀመር ይበቃል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲያድር ይደምቃልና ቸኩሎ አለመጨመር ነው። ደማቅ ቀይ ለሚፈልግ ግን ጄል አይመችም። ሲበዛ ሊጡ ይለሰልሳል፣ እጅ ይይዛል፣ ስስ ሲደረግም ይቀደዳል። ሸዋሮቢትን በመሰለ ሞቃት ቦታ ደግሞ ይብሳል። በበጋ የደብረ ብርሃን ደረቅ አየር በተቃራኒው ጠርዙን ቶሎ ስለሚሰነጥቀው፣ የማይሠሩበትን ሊጥ መሸፈን ያስፈልጋል።

ሕይወት ያለው አበባ የሚወጣው በዱቄት ቀለም ነው። በደንብ በደረቀ አበባ ላይ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከጠርዝ ወደ መሃል ይቀባል፤ እርጥበት ካለው ቀለሙ ነጠብጣብ ይሠራል። ትርፉን አራግፎ ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ ራቅ አድርጎ ለ3 እስከ 5 ሰከንድ በእንፋሎት ማሳለፍ ቀለሙን ያጣብቀዋል። ይህ ከተዘለለ ዱቄቱ ነጩ ኬክ ላይ ይራገፋል፤ ከበዛም ስኳሩ ይቀልጥና አበባው ይጎብጣል። ዱቄቱን ሲገዙ «ለምግብ የሚሆን» መባሉን ማየት ግድ ነው፤ «መርዛማ ያልሆነ» ብቻ የተባለው ለጌጥ እንጂ ለመብላት አይደለም።

ለአደይ ሁለቱን ማጣመር ይሻላል፦ ሊጡ በጄል ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መሃሉ በብርቱካናማ ዱቄት። ቀጭን መስመር ለመሳል ዱቄቱ በጠብታ ንጹሕ አረቄ ይበጠበጣል፤ አረቄው ቶሎ ይተናል፣ ውሃ ግን ስኳሩን ያሟሟዋል።