ኢቭ ኦንላይን ለምትጀምሩ፦ ጂታ ገበያ ላይ እንዳትታለሉ

ኢቭ ኦንላይን የአይስላንዱ ሲሲፒ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የጠፈር ጌም ነው። ከሌላ ጌም የምትመጡ ሁሉ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፦ እዚህ ተጫዋች ተጫዋችን በንግድ ቢያታልል ሕግ አልጣሰም። ተታላችሁ ለሰጣችሁት ኢስክ (የጌሙ ገንዘብ) አቤቱታ ብታስገቡ አይመለስላችሁም።

ትልቁ ገበያ ጂታ ነው። ገና ስትደርሱ ቻቱ ላይ «የላካችሁትን እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» የሚል ታያላችሁ። 1 ሚሊዮን ብትልኩ 2 ሚሊዮን ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ማጥመጃው እሱ ነው። ተማምናችሁ 100 ሚሊዮን ስትልኩ መልስ የለም። ሥር ሥሩ «ደርሶኛል፣ ተባረክ» እያሉ የሚመሰክሩለት ብዙ ጊዜ የራሱ ሌሎች አካውንቶች ናቸው።

ከዚህ የበለጠ ሰው የሚበላው በውል ነው። ቻቱ ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ እንጂ ውል አይደለም፤ ውሉን ከፍታችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። «እገዛለሁ» የተባለው ውል ዕቃችሁንም ኢስካችሁንም የሚወስድ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ የምትከፍሉትንና የምትቀበሉትን ለይታችሁ እዩ። ዋጋው ላይ ዜሮዎቹን ጣታችሁን አስይዛችሁ ቁጠሩ፤ 30 ሚሊዮን የመሰለው 300 ሚሊዮን ሊሆን ይችላል። የመርከብ ንድፍ ስትገዙ ዋናው ነው ወይስ ቅጂ የሚለውን አረጋግጡ፤ ቅጂ የተወሰነ ቁጥር ያህል ከተሠራበት በኋላ ያልቃል። ከዚያ ያንኑ ዕቃ መደበኛው ገበያ ላይ ፈልጉና ዋጋውን አስተያዩ። «ቶሎ በሉ፣ ሊያልቅ ነው» የሚላችሁ ሰው ይህን እንዳታደርጉ ነው የሚያጣድፋችሁ።

የሌላ ተጫዋች ዕቃ በክፍያ የምታደርሱበት የማመላለሻ ውልም አለ። ክፍያው 30 ሚሊዮን፣ የምታስይዙት መያዣ ግን 900 ሚሊዮን ይሆናል። መድረሻው ተጫዋች የሠራው ጣቢያ ከሆነ ባለቤቱ እንዳትገቡ መከልከል ይችላል። ጭነቱን ይዛችሁ በር ላይ ትቀራላችሁ፣ ቀኑ ያልፋል፣ መያዣው ይወሰዳል። ወይም ውሉን ያወጣው ሰው መንገድ ላይ አድፍጦ መርከባችሁን ያፈነዳና መያዣውን ከነትራፊው ዕቃ ይወስዳል። ለጀማሪ የጌሙ ራሱ ጣቢያ ያልሆነ መድረሻ ይቅርባችሁ።

መንገድን ካነሳን፣ እያንዳንዱ ቦታ የደህንነት ቁጥር አለው፤ 0.5 እና ከዚያ በላይ ያለው ቦታ «ሰላማዊ» ይባላል። ቃሉ ብዙ ሰው አሳስቷል። ኮንኮርድ የተባለው ፖሊስ አጥቂውን ይቀጣል እንጂ እናንተን አያድንም። 1.0 ላይ በ6 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፣ 0.5 ላይ ግን ወደ 19 ሰከንድ ይወስድበታል። ካታሊስት የሚባሉ ርካሽ መርከቦች ተሰብስበው በዚያች ጊዜ የጭነት መርከብ ይጨርሳሉ። መርከቦቻቸው እንደሚወድሙ ያውቃሉ፤ ስሌታቸው ከጭነታችሁ ግማሽ ያህሉ ሳይቃጠል ይወድቃል የሚል ነው። የሚወድቀው ከመርከቦቻቸው ዋጋ ከበለጠ ዒላማ ናችሁ። ስለዚህ ጭነቱን ከፋፍላችሁ አመላልሱ፣ ውድ ነገር ጭናችሁም በአውቶፓይለት አትሂዱ፤ ወደ ሌላ ቦታ ከሚያሻግረው የጠፈር በር ርቆ ያወርዳችሁና ቀስ እያለ ይጠጋል፣ የሚጠብቋችሁም እዚያች ላይ ነው።

ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለመርከቡ አካል ብቻ ነው። የገጠማችሁበት መሣሪያም ሆነ የጫናችሁት ዕቃ አይካስም፣ ውሉም በ12 ሳምንት ያበቃል። መርከቡን ከነመሣሪያው ደግማችሁ የምትገዙበት ኢስክ ከሌላችሁ ከጣቢያ አታውጡት።

ፕሌክስን (የጨዋታ ጊዜ የሚገዛበትን ዕቃ) በተመለከተ፣ 500ው የ30 ቀን ኦሜጋ (የሚከፈልበት ሙሉ አካውንት) ይገዛል፤ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገኝ ስለሆነ ኪሳችሁን የሚነካው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ተጫዋች 74 ፕሌክስ ኬስትረል በምትባል ትንሽ መርከብ ጭኖ ጂታ ላይ ተመታ፤ ያኔ አንዱ ብቻውን የ30 ቀን ጨዋታ ስለነበር የጠፋው ከስድስት ዓመት በላይ ነው። ዛሬ ፕሌክስ የራሱ ማስቀመጫ አለው፤ እዚያው ተዉት፣ ወደ መርከብ አታውጡት።

ሌላው በአጭሩ ይበቃል። ዱኤል (አንድ ለአንድ ፍልሚያ) የሚጠይቃችሁን እንቢ በሉ፤ ከተቀበላችሁ ኮንኮርድ አይመጣም። የደህንነት ቁልፉን አረንጓዴ ላይ አቆዩት፤ ያለዚያ የሌላ ተጫዋች ከሆነ በቢጫ ምልክት ከሚታይ የመርከብ ስብርባሪ ዕቃ ብትወስዱ ማንም ሊመታችሁ ይፈቀድለታል። «ቡድናችን ግቡ፣ ንብረታችሁን ስጡንና እናጓጉዝላችኋለን» የሚል ቡድን ንብረታችሁን ነው የሚፈልገው። ከጌሙ ውጭ ኢስክ በዶላር የሚሸጡ ድረ ገጾችን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ፤ ማታለል የተፈቀደበት ጌም ይህን ይከለክላል፣ ኢስኩ ሊነጠቅና አካውንቱ ሊዘጋ ይችላል፣ የከፈላችሁትን ዶላርም የሚመልስላችሁ የለም።