ሁለት ባለ 16 ኪሎ ኬትልቤሎች ከወራት በኋላ፦ ሀርድስታይል ወይስ ስፖርት?

ሁለት ኬትልቤል፣ ማለትም ለስፖርት የሚነሳ እጀታ ያለው የብረት ኳስ፣ አለኝ። ሁለቱም 16 ኪሎ ናቸው። አንዱ ብረት ቀልጦ በቅርጽ የወጣ፣ ጥቁር ሸካራ ቀለም የተቀባ ተራው ዓይነት ነው። ሌላው የውድድር የሚባለው ቢጫው ነው። ሚዛን ላይ አንድ ናቸው፤ እጅ ላይ ግን አይገናኙም። ያየ ሁሉ «አንድ ዓይነት ክብደት ለምን ሁለት ገዛህ?» ይለኛል። ነገሩ የሚገባው የሚሠራበትን ስልት ላወቀ ነው። ስለዚህ የምገመግመው ዕቃውንም ስልቱንም ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። ተራው ኬትልቤል ክብደቱ ሲጨምር አካሉም ይተልቃል፤ ብዙ ጊዜ እጀታውም ይወፍራል። የውድድሩ ግን 8 ኪሎም ሆነ 32 ኪሎ ከውጭ መጠኑ እኩል ነው። ለመለየት ቀለም አለው፦ 16 ቢጫ፣ 24 አረንጓዴ፣ 32 ቀይ። የእጀታው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 33 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደት ስትጨምር ኳሱ ክንድህ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ስለማይለወጥ፣ የለመድከውን አያያዝ እንደ አዲስ መማር የለብህም።

አሁን ወደ ስልቱ። በጥቁሩ የምሠራው ሀርድስታይል ነው። ይህን ስልት በአሜሪካ ያስፋፋው በሚንስክ የተወለደው ፓቬል ጻጹሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሰልጣኞች ኮርስ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ስትሮንግፈርስት የሚባለውን ተቋም መሠረተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጥቂት ጊዜ፣ ግን በሙሉ ኃይል። ዋናው እንቅስቃሴ ስዊንግ ነው፤ ብረቱን በእግሮች መሃል ወደ ኋላ አወዛውዞ ወደ ፊት እስከ ደረት ከፍታ ማውጣት። ስዊንግ ስኳት፣ ማለትም ቁጭ ብድግ፣ አይደለም። ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ በአንዴ ይፈነጠራል። ብረቱን የሚያነሳው ዳሌ ነው፤ ክንድ እንደ ገመድ ነው። ጫፍ ላይ ስትደርስ መቀመጫህን ትጨምቃለህ፣ ሆድህን ታጠነክራለህ፣ ትንፋሽህን «ጽ!» ብለህ ትቆርጣለህ። አሥር ጊዜ ሠርተህ ታስቀምጣለህ። አርፈህ ትደግማለህ።

ለዚህ ጥቁሩን የሚያህል የለም። እጀታው ሰፊ ስለሆነ ሁለት እጅ በምቾት ይገባበታል። በቢጫው ሁለት እጅ ይዘህ ስዊንግ ስትሠራ ትንንሾቹ ጣቶች ጥግ ላይ ይጨናነቃሉ። እጀ ትልቅ ሰው ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም። ሸካራው ቀለም ደግሞ ላብ ሲመጣ እንኳ ይይዛል። ተኝተህ ብረቱን ወደ ላይ ዘርግተህ የምትነሳበት ጌት-አፕም በጥቁሩ ደስ ይላል።

ስናች ላይ፣ ማለትም ብረቱን በአንድ እጅ ከታች በአንዴ እስከ ራስ በላይ ማውጣት ላይ፣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያው ሸካራ ቀለም መዳፍ ይልጣል። ብዙ ስናች በጥቁሩ ስሠራ እጄ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይፈነዳል፣ ከዚያ ለቀናት እረፍት ነው። በሀርድስታይል የታወቀው የስናች ፈተና በአምስት ደቂቃ 100 ጊዜ ነው፤ ብዙ ወንዶች በ24 ኪሎ ይፈተናሉ። በእኔ ጥቁር እጀታ ይህን ሞክር ብትሉኝ መጀመሪያ የሚያቆመኝ ትንፋሼ ሳይሆን ቆዳዬ ነው።

ቢጫው እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚያወጣው። የተሠራው ጊረቮይ ለሚባለው ከሩሲያ ለመጣው የኬትልቤል ስፖርት ነው። ውድድሩ አሥር ደቂቃ ነው። ብረቱን መሬት ላይ ካስቀመጥክ አለቀ። ከደረት ወደ ራስ በላይ የሚገፋበት፣ በሁለት ብረት የሚሠራ ጀርክ አለ፣ በአንድ ብረት የሚሠራ ስናች አለ፣ ክሊን (ብረቱን ከታች ወደ ደረት ማምጣት) እና ጀርክ የተያያዙበት ሎንግ ሳይክልም አለ። በተለመደው ሕግ ስናች ላይ እጅ መቀየር የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥበቡ ጉልበት መቆጠብ ላይ ነው። ሀርድስታይል «ጨምቅ» ይልሃል፣ ስፖርቱ «ልቀቅ» ይልሃል።

ደረት ላይ የሚያዝበት አቋም፣ ራክ የሚሉት፣ ለእኔ ትልቁ ግኝት ነው። ጉልበት ቀጥ ይላል፣ ክርን ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ክብደቱ በአጥንት በኩል ወደ እግር ይወርዳል። እዚያ ቆመህ ትተነፍሳለህ። መጀመሪያ ሰሞን እዚህ ማረፍ ይቻላል ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ለመልመድ ወገብና ጀርባ መፍታታት አለባቸው። የቢጫው ትልቅ ኳስ ክንድ ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚተኛ የእጅ አንጓን አይቆረቁርም። የጥቁሩ ትንሽ ኳስ ግን ልክ አንጓው አጥንት ላይ ነው የሚቀመጠው። የቢጫው እጀታ ያልተቀባ ለስላሳ ብረት ነው፤ ቾክ፣ ማለትም ላብ የሚመጥ ነጭ ዱቄት፣ ከቀባህ መዳፍ ውስጥ ሳይልጥ ይዞራል። ያለ ቾክ በላብ እጅ ግን እንደ ሳሙና ነው፣ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው ስልት ክሮስፊት በሚባለው የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን በሚቀላቅል ሥልጠና ውስጥ የሚዘወተረው ስዊንግ ነው። ብረቱ ደረት ላይ አይቆምም፣ በሁለት እጅ እስከ ራስ በላይ ይወጣል። ብዙ አልወደድኩትም። ትከሻው በደንብ የማይከፈት ሰው ጫፍ ላይ ለመድረስ ወገቡን ያጎብጣል። ወደ ላይ ማንሳት ካማረህ ስናች አለልህ። እየወረወሩ የሚቀልቡትን ጀግሊንግ ደግሞ በሜዳ ላይ ካልሆነ አልመክርም፤ የወለል ጉዳይ ነው።

ከወራት በኋላ ሁለቱ እንዴት ሆኑ? የጥቁሩ ቀለም እጀታው ላይ ተላልጧል፣ በተላጠበት ቦታ ቀላል ዝገት አለ። በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ጥቂት ዘይት አስነካዋለሁ፣ በማግስቱ ከመሥራቴ በፊት ዘይቱን አጸዳለሁ። የቢጫው እጀታ ያልተቀባ ስለሆነ ላብ ሳይጠረግ ካደረ ይዝጋል፤ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃዋል። ውስጣቸው ባዕድ ነገር የተሞላ አንዳንድ የውድድር ኬትልቤሎች ሲወዛወዙ ይንኳኳሉ። የእኔ ዝም ያለ ነው፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንስታችሁ ነቅንቁት።

አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ እጠይቀዋለሁ። ብቻውን፣ ያለ አሰልጣኝ፣ በአጭር ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሀርድስታይልና ተራው ይሻለዋል። እያንዳንዱ ዙር አጭር ነው፤ አሠራሩ ሲበላሽ ታስቀምጠዋለህ። የስፖርቱ አሥር ደቂቃ ግን ሲደክምህ ስህተቱን ይዞህ ይቀጥላል፣ ከጎን ሆኖ የሚያርም ዓይን ይፈልጋል። ረጅም ስናችና ጀርክ ልቡን የሳበው ግን ሳያመነታ የውድድሩን ይግዛ፤ በተራው ኬትልቤል መዳፉን ከሚያስልጥ።

እኔ ቀጥሎ የምገዛው 24 ኪሎ ነው፤ ጥቁሩን ዓይነት። ስዊንግ ላይ 16 ቀሎኛል። ስናች ላይ ግን ቢጫው ገና ብዙ ወራት ያሠራኛል።