የዊንዶውስ 11 የራሱ ጥበቃ፦ ዋናው ክፍል ጠፍቶ ነው የሚመጣው

ዊንዶውስ 11 ላይ ሌላ አንቲቫይረስ ገዝቶ መጫን ለአብዛኛው ተጠቃሚ አያስፈልግም። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር አብሮ ይመጣል፣ ራሱን ያዘምናል፣ «ክፍያ አድሱ» እያለም አይነዘንዝም። ቅር የሚያሰኘው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ራንሰምዌር ፊት ለፊት የሚመክተው ክፍል ሲመጣ ጠፍቶ መሆኑ ነው። መኖሩን እንኳ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ ይባላል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍተው ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ይግቡ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ማኔጅ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን የሚል ያገኛሉ፣ ማብሪያው እዚያ ነው። ከበራ በኋላ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ቪዲዮስን በመሳሰሉ ፎልደሮች ውስጥ ዊንዶውስ የማያምነው ፕሮግራም ፋይል መቀየርም ሆነ መሰረዝ አይችልም። ሥራዎ ያለው ዲ ድራይቭ ላይ ከሆነ ግን ፕሮቴክትድ ፎልደርስ ውስጥ ገብተው ራስዎ ካልጨመሩት አይጠበቅም። ደግሞ ማንበብን አይከለክልም፤ ፋይልዎ እንዳይቆለፍ ያደርጋል እንጂ ከመሰረቅ አያድነውም።

ይነጫነጫል፣ ይህ አይካድም። ብዙም የማይታወቅ የሂሳብ ፕሮግራም ወይም ጌም ሴቭ ማድረግ ያቅተውና «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል፤ ሰውም የተበላሸ መስሎት አጥፍቶ እንደገና ይጭነዋል። መፍትሔው እዚያው ገጽ ላይ ሪሰንትሊ ብሎክድ አፕስ ከሚለው ዝርዝር ፕሮግራሙን መርጦ መፍቀድ ነው። በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያሠራውን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ፓወርሼልን፣ ግን እንዳይፈቅዱ፤ እሱ ከተፈቀደ በእሱ በኩል የሚሄድ ስክሪፕት ሁሉ አብሮ ያልፋል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ስለሚለቅ ይህም ጥበቃ አብሮ ይቀራል።

«ዲፌንደር ምንም አይዝም» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ዝርዝር ይዩ፤ ማኔጅ ሴቲንግስ ውስጥ ከታች በኩል ነው። ክራክ የተባለ ነገር (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍት) በአድሚን ፈቃድ ከተከፈተ በኋላ ራሱን፣ አንዳንዴም ሲ ድራይቭን በሙሉ፣ «አይፈተሽ» ብሎ እዚያ ሊያስገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዲፌንደር አረንጓዴ ምልክቱን እያሳየ ቫይረሱ ይሠራል። እርስዎ ያላስገቡትን ሁሉ ያጥፉና ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚፈትሸውን ኦፍላይን ስካን ያስነሱ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ፍተሻው 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ፉል ስካን ፍላሽ ዲስክን በራሱ እንደማይጨምርም ልብ ይበሉ፤ ፍላሹን በቀኝ ክሊክ ለብቻው ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

ዲስኩን በሙሉ በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ጥሩ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅና ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ላይ ቢሰካ አይነበብም። ግን በብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ ሳይጠይቅ ይበራል። በኋላ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሲታደስ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ቁልፉን የሚይዘው ቲፒኤም ቺፕ አልሰጥም ይልና 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ኪይ ይጠየቃል። ቁጥሩ ያለው መጀመሪያ በተገባበት አካውንት ውስጥ ነው። ያ አካውንት ዊንዶውሱን የጫነልዎት ባለሙያ የራሱ ከሆነስ? እሱ ካልተገኘ ፋይሉም የለም። ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድመው ወረቀት ላይ ገልብጠው ከኮምፒውተሩ ለይተው ያስቀምጡ።

ጎጂ ኮድ ወደ ዊንዶውስ እምብርት እንዳይገባ የሚከላከለው ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ አልበራም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቆየ የፕሪንተር ወይም የሌላ ዕቃ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ነው፤ የድራይቨሩን ስም እዚያው ዘርዝሮ ያሳያል። አዲሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ፣ አዲስ ከሌለው ያንን ድራይቨር ያስወግዱ።