ሰን አልትራ 5 ከስምንት ወር በኋላ

በ60 ዶላር የገዛሁት አሮጌው ሰን አልትራ 5 (ሰን የተባለው ኩባንያ የሠራው ኮምፒውተር) ይኸው ስምንት ወሩ፤ ዛሬም ጠረጴዛዬ ሥር ሆኖ ይጮኻል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ድምፁን ሰምታ «ሌላ ፍሪጅ ገዛህ እንዴ?» አለችኝ። በ1998 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣ ማሽን ነው። የኔው 360 ሜጋኸርዝ አልትራስፓርክ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም አለው፤ የሰን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነው ሶላሪስ 8 ተጭኖበት ነው የመጣው። በዕቃነቱ አንድም ቅሬታ የለኝም። ያንገበገበኝ ሲ ኮምፓይለር፣ ማለትም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረውን ሶፍትዌር መጫን ነው።

መጀመሪያ ኮምፓይለሩን የሚጠራውን ትዕዛዝ «ሲሲ» ብዬ ጻፍኩ። «አማራጩ የቋንቋ ሶፍትዌር አልተጫነም» የሚል መልስ መጣ። ትዕዛዙ አለ፣ ግን ባዶ ቀፎ ነው። ሰን ከሶላሪስ በፊት በነበረው በሰንኦኤስ 4 ዘመን ኮምፓይለሩን ከሲስተሙ ጋር ይሰጥ ነበር። ሶላሪስ ሲመጣ ለብቻው መሸጥ ጀመረ።

እኔም እንደ ማንም ሰው ወደ ነፃው ኮምፓይለር ወደ ጂሲሲ ዞርኩ። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጥቅል አውርጄ ጫንኩ። «የኢንስታሌሽን ችግር፤ አሰምብለሩን ማስነሳት አልተቻለም» አለኝ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። ሁለት ቅዳሜ በላብኝ። ለካ ጂሲሲ ሶላሪስ ላይ አሰምብለሩንና ሊንከሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውንና ቁርጥራጮቹን የሚያገጣጥመውን መሣሪያ) ከሲስተሙ ነው የሚዋሰው። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ሲስተሙን ሲጭን «ኤንድ ዩዘር» የሚለውን መርጧል፤ እዚያ ውስጥ እነዚህ መሣሪያዎች አይገቡም። «ሰንደብሊው» ብለው ከሚጀምሩት ጥቅሎች ቢቱልን፣ ስፕሮትንና ቱን ከሲዲው ጨመርኩ፤ ኮምፓይለሩ የሲስተሙን ተግባራት ለሚያውቅባቸው ሄደር ፋይሎች ደግሞ ሂያን። ከዜሮ የምትጭኑ ከሆነ ዲስክ ለመቆጠብ አትሞክሩ፣ «ዴቨሎፐር» የሚለውን ምረጡ።

«ሄሎ ወርልድ» የምትባለው ትንሿ የሙከራ ፕሮግራም ሠራች። ትልቅ ፕሮግራም ሳስገባ ግን ከሄደሮቹ የስህተት መዓት ወረደ። ጂሲሲ ሲገነባ የሲስተሙን ሄደሮች አስተካክሎ የራሱን ቅጂ ይይዛል። ያወረድኩት ጥቅል ለሌላ የሶላሪስ እትም የተገነባ ስለነበር ቅጂው ከኔ ማሽን ጋር አልገጠመም። አብሮት የሚመጣውን «ኤምኬሄደርስ» የሚባል ስክሪፕት ሳስኬደው ተስተካከለ።

በኋላ ጂሲሲ 3.4.6ን ራሴ ገነባሁት። የታሸጉ ፋይሎችን የሚፈታው የሶላሪስ ታር ረጃጅም የፋይል ስሞችን ያበላሻልና የምንጭ ኮዱን በጂኤንዩ ታር ፍቱ። ኮምፓይለሩ ራሱን ሦስት ጊዜ ነው የሚገነባው። ማታ ጀምሬ ተኛሁ፤ ጠዋት ቡና ተፈልቶ አልቆም እሱ ገና ነበር።

በአራተኛው ወር ሌላ ጉድ መጣ። የፋይሎችን ቀን አይቶ የተቀየረውን ብቻ እንደገና የሚያስገነባው «ሜክ» አንዲት መስመር ሳልነካ ሁሉንም ፋይል እንደ አዲስ ኮምፓይል ያደርጋል። አሁንም ጂሲሲን ወቀስኩ። አንድ ማታ እንዲያው ቀኑን የሚያሳየውን ትዕዛዝ «ዴት» ብዬ ብጽፍ ማሽኑ ገና ያለፈው ወር ላይ ነው! ሰዓቱን የሚይዘው ቺፕ ባትሪው ሆዱ ውስጥ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ያ ባትሪ ሞቷል። ማሽኑን ሳጠፋው ሰዓቱም አብሮ ይተኛል። ከላፕቶፔ የገለበጥኩት ኮድ የዛሬ ቀን አለው፣ የተገነባው ፋይል ያለፈው ወር ይመስላል፣ ሜክም ኮዱ ተቀይሯል ብሎ ያምናል።

ከአንድ ሻጭ «አዲስ» ተብሎ የመጣልኝ ቺፕም ሞቶ ደረሰ። ተናድጄ የድሮውን ነቀልኩና ፕላስቲኩን በሞረድ ቀስ እያልኩ ፈገፈግኩት። ሁለቱ የመዳብ እግሮች ብቅ ሲሉ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ በየድኩባቸው። ያው ቺፕ የሚይዘው የኔትወርክ አድራሻም አብሮ ጠፍቶ ስለነበር 08:00:20 ብሎ የሚጀምረውን የሰን አድራሻ ሶላሪስ ከመነሳቱ በፊት በሚመጣው በ«ኦኬ» የትዕዛዝ መስመር ላይ በእጄ መልሼ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ፍጥነት የምትፈልጉ ከሆነ ተዉት። እኔ ግን አልሸጠውም። የዚህ ማሽን ፕሮሰሰር፣ ስፓርክ፣ በአድራሻ አሰላለፍ (ዳታ ሜሞሪ ውስጥ በትክክለኛው ቦታ መቀመጡ) ቀልድ አያውቅም፤ ኢንቴል ላይ ሁለት ዓመት በሰላም የኖረ የኮዴ ስህተት እዚህ በመጀመሪያው ሙከራ «ባስ ኤረር» ብሎ ወደቀ። ማራገቢያውን ግን በዚህ ወር እቀይረዋለሁ፣ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ።