ማላጋ፦ አልካዛባ ወይስ ጂብራልፋሮ?

በስፔኗ ከተማ በማላጋ ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው ከሁለቱ ምሽጎች አንዱ ይበቃዋል። አልካዛባ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ገዢዎች ያሠሩት ምሽግና ቤተ መንግሥት ነው፤ ከሥሩ የሮማውያን ቴአትር አለ። መግቢያዎቹ የሚጠማዘዙት ሆን ተብሎ ነው፤ ጠላት የመጀመሪያውን በር ቢሰብር እንኳ ሰተት ብሎ እንዳይገባ። በሮቹ ላይ ያሉትን ዓምዶች ልብ ይበሉ፤ ከሮማውያን ፍርስራሽ የተወሰዱ ናቸው። ጥላ፣ አትክልትና በቀጭን ቦይ የሚወርድ ውሃ ስላለው የበጋው ቀትር እንኳ ይቻላል። ደረጃ ለሚከብደው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ አሳንሰር አለ።

ጂብራልፋሮ ከበላዩ፣ 130 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ውስጡ ብዙም የሚታይ የለም፤ የሚወጣው ከግንቡ ላይ ወደቡን፣ ክቡን የበሬ ፍልሚያ ሜዳና ባሕሩን ለማየት ነው። አቀበቱ ያስለከልካል፤ ድንጋዩም በእግር ብዛት ስለለሰለሰ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያንሸራትታል። በ35 ቁጥር አውቶቡስ ወጥቶ በእግር መውረድ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱን የሚያያይዝ ግንብ ስለሚታይ በውስጥ የሚተላለፉ ይመስለዋል። መተላለፊያ የለም፤ ወጥቶ በውጭ መዞር ግድ ነው። ለሁለቱም የሚሆን የጋራ ትኬት ይሸጣል። አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር አልካዛባ።