ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ወይስ ባለ 8 ጊጋው 4060?

የሁለቱን ግራፊክስ ካርዶች (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠሩ ክፍሎች ናቸው) ካርቶን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። በስሙ ከሄደ 4060 ከ3060 ይበልጣል። በሜሞሪው ከሄደ ግን አሮጌው 12 ጊጋባይት ይዟል፣ አዲሱ 8 ብቻ። ታናሹ ከታላቁ ያነሰ ሜሞሪ ይዞ ሲወለድ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይበጃል።

ሁለቱም የኤንቪዲያ ናቸው። 3060 በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ላይ ወጣ፣ 4060 ደግሞ በ2023 አጋማሽ። ዋና ዋና ቁጥሮቻቸው እነዚህ ናቸው፦

አርቲኤክስ 3060፦ 3584 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች)፣ እስከ 1777 ሜጋኸርዝ፣ 12 ጊጋባይት ጂዲዲአር6 (የሜሞሪው ዓይነት)፣ ባለ 192 ቢት የሜሞሪ ባስ፣ 3 ሜጋባይት ኤል2 ካሽ (ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽና ፈጣን ማከማቻ)፣ 170 ዋት።

አርቲኤክስ 4060፦ 3072 ኩዳ ኮር፣ እስከ 2460 ሜጋኸርዝ፣ 8 ጊጋባይት ጂዲዲአር6፣ ባለ 128 ቢት የሜሞሪ ባስ፣ 24 ሜጋባይት ኤል2 ካሽ፣ 115 ዋት።

በኮር ብዛት አሮጌው ያሸንፋል፤ ግን ኮር ብቻውን ምንም አይናገርም። ኮሩን በፍጥነቱ ስታባዙት (እያንዳንዱ ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ይሠራል) ነገሩ ይገለበጣል፦ 3060 ወደ 12.7 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ 12.7 ትሪሊዮን ስሌት)፣ 4060 ወደ 15.1 ቴራፍሎፕስ ይደርሳል። አዲሱ ቺፕ በረቀቀ የፋብሪካ ዘዴ ስለተሠራ፣ ጥቂት ኮሮቹን በጣም አፍጥኖ ያሯሩጣቸዋል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክም ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ሜሞሪው እንምጣ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ባስ የሚባለው ዳታ በሜሞሪውና በቺፑ መካከል የሚመላለስበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ የሜሞሪ ቺፕ ከዚህ መንገድ 32 ቢት ይይዛል። 192 ቢት ማለት ስድስት ቺፕ ማለት ነው፤ ቺፖቹ ባለ 1 ወይም ባለ 2 ጊጋባይት ስለሆኑ ምርጫው 6 ወይም 12 ነበር። 6 እንደሚያንስ ግልጽ ነበርና 12 ሆነ። 128 ቢት ግን አራት ቺፕ ነው፣ አራት ሲባዛ በሁለት 8። የ3060 12 ጊጋባይት ከልግስና የመጣ አይደለም ማለት ነው፣ ከሒሳብ እንጂ። ለገዢው ግን ምንጩ ምንም ይሁን፣ ሜሞሪው እዚያው አለ።

መንገዱ ሲጠብ ፍሰቱም ይቀንሳል። 3060 በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ 4060 ደግሞ 272። ኤንቪዲያ ይህን ያካካሰው በካሹ ነው። ጓዳው የሞላ ቤት ገበያ አይመላለስም፤ 4060ም ስምንት እጥፍ ያደገ ካሽ ስላለው ብዙውን ነገር ከቅርብ ያገኛል፣ ወደ ሜሞሪው የሚሄደውም አልፎ አልፎ ነው። ዘዴው በ1080ፒ ሪዞሉሽን (1920 በ1080 የምስል ነጥብ) በደንብ ይሠራል። ሪዞሉሽኑ ወደ 1440ፒና ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን ጓዳው አይበቃም፣ የመንገዱም ጥበት መሰማት ይጀምራል።

በጌም ውስጥ ይህ ሁሉ ምን ይመስላል? በ1080ፒ፣ ጌሙ ከ8 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ እስካልጠየቀ ድረስ፣ 4060 በአማካይ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይቀድማል። ይታያል፣ ግን የሚያስደነግጥ ልዩነት አይደለም። 3060 ያለው ሰው ለዚህ ብሎ ካርድ ቢቀይር አልመክረውም።

ሜሞሪው ሲሞላ ግን ታሪኩ ይለወጣል። የቅርብ ጊዜ ትልልቅ ጌሞች ቴክስቸር (የነገሮቹ ገጽ ምስል) ከፍ ተደርጎ፣ ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንን እንደ እውነተኛው የሚያስመስል ስሌት) ተጨምሮበት ከ8 ጊጋባይት ያልፋሉ። ያኔ አማካይ የፍሬም ቁጥሩ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጨዋታው ግን ድንገት ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ቴክስቸሮቹ ደብዝዘው ይቀራሉ። አማካይ ቁጥር ብቻ የሚያሳዩ ንጽጽሮች ይህን ይደብቁታል። መፍትሔው ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ማውረድ ነው፤ ይህን ለማድረግ የማይከብደው ሰው በ4060 ደስተኛ ይሆናል።

4060 ያለው ሌላው መሣሪያ የዲኤልኤስኤስ (ኤንቪዲያ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የጌም ምስል የሚያሻሽልበት ዘዴ) ፍሬም ጄኔሬሽን ነው፦ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል አንድ ሠርቶ ያስገባል። 3060 ይህ የለውም፤ ምስል የሚያሳድገው የዲኤልኤስኤስ ክፍል ግን አለው። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ትልልቅ የብልጫ ቁጥር በአመዛኙ ከዚህ የመጣ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መነሻው 60 ፍሬም አካባቢ ሲሆን ነው የሚያምረው። ከ30 ከተነሳ ስክሪኑ ለስላሳ ይመስላል፣ እጃችሁ ግን መዘግየቱን ይነግራችኋል። የሚገርመው ደግሞ ራሱም ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ማለትም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ከዚያችው 8 ጊጋባይት ይቀንሳል። የተፎካካሪው የኤኤምዲ ዘዴ የሆነውን ኤፍኤስአር 3ን በሚደግፉ ጌሞች ላይ ተመሳሳይ ሥራ በ3060ም ስለሚሠራ፣ የአሮጌው ባለቤት ባዶ እጁን አልቀረም።

ማዘርቦርዳችሁ የቆየ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። 3060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ16 መስመር ነው፣ 4060 ግን በ8። ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚሰካበት መገናኛ) 4.0 ላይ ስምንቱ ይበቃሉ። 3.0 በሆነ ማዘርቦርድ ላይ ግን ስፋቱ በግማሽ ይወርዳል፤ በተለይ ሜሞሪው ሞልቶ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ራም መበደር ሲጀምር ዋጋ ያስከፍላል።

ለሥራ ለሚገዛ ሰው ፍርዱ ይበልጥ ግልጽ ነው። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል በራሱ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ለሚፈልግ፣ ያለማመንታት 3060። በ4 ቢት የተጨመቀ ባለ 13 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል 12 ጊጋባይት ውስጥ ይገባል፣ 8 ውስጥ ግን አይበቃውም፤ ወደ ራም የፈሰሰ ሞዴል ደግሞ ይንፏቀቃል። በብሌንደር 3ዲ ለሚሠራ ትዕይንቱ ሜሞሪው ውስጥ እስከገባ ድረስ 4060 ቶሎ ይጨርሳል። ቪዲዮ ለሚቀርጽና ቀጥታ ለሚያስተላልፍ ሰው ደግሞ 4060 በኤቪ1 (ቪዲዮ አሳንሶ የሚጨምቅ ፎርማት) መቅዳት ይችላል፤ 3060 ኤቪ1ን ማጫወት እንጂ መቅዳት አይችልም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም። የ55 ዋት ልዩነት ትንሽ ሳጥን ላለው፣ ሙቀትና የፋን ድምፅ ለሚረብሸው ሰው ትልቅ ነው፤ ለሌላው ያን ያህል አይደለም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነና ሥራው በ1080ፒ ጌም ብቻ ከሆነ 4060ን እወስዳለሁ። ሞዴል ማስኬድ፣ ከባድ ቴክስቸር ወይም የቆየ ማዘርቦርድ ከገባበት ግን 3060ን፤ ፍጥነቱን ትንሽ ባጣም ሥራው መሃል ላይ አይቆምብኝም።

3060ን ለመረጠ ሰው ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኤንቪዲያ በኋላ ላይ በዚያው ስም ባለ 8 ጊጋባይት 3060 አውጥቷል፤ ባሱ 128 ቢት፣ ፍሰቱ በሰከንድ 240 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ በጌምም ከወንድሙ በግልጽ ይዘገያል። የ3060ን ጥቅም ሁሉ ያጣ፣ የ4060ን ምንም ያላገኘ ካርድ ነው። ካርቶኑ ላይ 12 መባሉን አንብቡ፤ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ አሰክታችሁ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና የባስ ስፋቱ 192 ቢት መሆኑን አረጋግጡ።